ጎሽ ገዳዩና ነጩ ቅቤ

እኔ ስለ ቅቤ መከራከር አልወድም። ስለ ፖለቲካ ተከራክሮ የታረቀ ሰው አይቻለሁ፤ ስለ ቅቤ ተከራክሮ የታረቀ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። አንዷ የሸኖን ታነሳለች፣ ሌላዋ የጎጃምን ታነሳለች፣ ሦስተኛዋ «ቅቤ ማለት የእናቴ ነበር» ትልና ነገሩን ትዘጋዋለች። እናት ከተጠራች በኋላ ምን ይባላል? ዝም ነው።

እዚህ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከመጣን ወዲህ ግን ክርክሩ ለብዙ ዓመት ረግቦ ነበር። የሱፐርማርኬት ቅቤ ቀለሙ አንድ፣ ጣዕሙ አንድ፣ ሽታውም የለም። የሚያጣላ ነገር የለውማ! ሰው ሁሉ እኩል ተበድሎ በሰላም ይኖር ነበር። ይህን ሰላም ያደፈረሱት እትዬ ሙሉ ናቸው።

እትዬ ሙሉ በአንድ የአዛውንቶች መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። አንድ ቀን አብራቸው የምትሠራ ሴት ለምሳዋ ካመጣችው ነጭ አይብ አቀመሰቻቸው። አንዴ ቀመሱ፣ ሁለተኛ ቀመሱ፣ ሦስተኛውን ሳይጋበዙ ወሰዱ። ከዚያ የምን ወተት እንደሆነ ጠየቁ። የጎሽ ነው ተባሉ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። እኛ ዘንድ ጎሽ የሚሸሹት ነገር ነው እንጂ የሚያልቡት ነገር አይደለም። እትዬ ሙሉ ግን «አድራሻውን ጻፊልኝ» ብቻ አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቻቸውን ጭነው፣ ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል ርቆ በበቆሎ ማሳ መካከል ወዳለ ፋርም ነዱ። ሲመለሱ የመኪናው ኋላ በቅቤ ተሞልቶ ነበር።

ቅቤው ነጭ ነው። ከሳጥን ዛሬ የወጣ ነጠላ በሉት። ለምን ነጭ ሆነ? ላም ከሣሩ ውስጥ ያለውን ቢጫ ቀለም ወደ ወተቷ ታሳልፈዋለች፤ ጎሽ ግን እዚያው ሆዷ ውስጥ ለውጣ ትጨርሰዋለች። አገር ቤት ሳለሁ ባዮሎጂ አስተምር ስለነበር ይህን ለእትዬ ሙሉ በዝርዝር አስረዳኋቸው። አሥር ደቂቃ ወሰደብኝ። ስጨርስ «ታዲያ ይጣፍጣል አይደል?» አሉኝ። አስተማሪነት እንዲህ ነው።

በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ አነጠሩት። ቤታቸው ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ ነው፤ የዚያን ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ያለ ምክንያት በር ይከፍትና ይዘጋ ነበር። ፋሲካ ደርሷል። ሁለት ወር ገደማ በሽሮ የከረመ ሕዝብ ይህን ሽታ እንዴት ይቻለው?

አንዳንዱን ግን ሃይማኖቱ ከነከነው። የአውሬ ወተት ይበላል ወይ ተብሎ ቄሱ ተጠየቁ። ቄሱ ጥቂት አሰቡና ያመሰኳል ወይ አሉ። ያመሰኳል ተባሉ። ሰኮናውስ ስንጥቅ ነው? ስንጥቅ ነው። «እንግዲያ ምን ታደክሙኛላችሁ?» ብለው ሁለት ጃር አዘዙ። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሱቅ ያለው ሰይድ፣ የወሎ ልጅ፣ እሱም በበኩሉ አጣርቶ በሱቁ ፍሪጅ መደርደር ጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያኑም እስላሙም ስለ ቅቤ አንድ ሆነ።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ የእትዬ ሙሉ ባል ናቸው፤ ጋሼ አስፋው።

ጋሼ አስፋው የባላምባራስ ተክሌ የልጅ ልጅ ናቸው። ባላምባራስ ተክሌ ደግሞ ጎሽ ገዳይ ናቸው። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ኮሎምበስ ውስጥ ካለ ትናንት የገባ ነው፤ እሱም ገና ሠርግ ካልተጠራ ነው። ጋሼ አስፋው ሠላሳ ዓመት መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። የፓርኪንጉን ነገር የሚያነሳ የለም። የሚነሳው ጎሹ ነው። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ ምግቡ ተበልቶ ሰው ማዛጋት ሲጀምር ጋሼ አስፋው ከዘራቸውን ይዘው ይነሳሉ።

«ዘራፍ!
ከጊቤ ማዶ ጎሹ ሲያገሳ፣
አያቴ ሄደው አረጉት ሬሳ!»

ከዚህ በኋላ የሚያቆማቸው የለም። ድምፃቸው ትልቅ ነው። ቃሉ በቃሉ ላይ እየወጣ፣ ትንፋሽ ሳይገባበት፣ በረዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርደው ይወርዳል። አንድ ክረምት አፐር አርሊንግተን በሚባለው ጸጥተኛ የሀብታም ሰፈር ውስጥ፣ የአንዲት ዘመዳችን ምርቃት ላይ፣ ጓሮ ወጥተው ሲፎክሩ ጎረቤት ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ ትሑት ሰው ነበር። ሰውዬው ምን እያሉ ነው ብሎ ጠየቀ። የተመራቂዋ ወንድም ውሸት የማያውቅ ልጅ ነውና ስለ ግድያ ነው አለው። ማን ተገደለ? ጎሽ። መቼ? እሳቸው ሳይወለዱ። ፖሊሱ ማስታወሻውን አጠፈ፣ ድምፅ ቀንሱ አለ፣ አንድ ሳንቡሳ ይዞ ሄደ።

ማስረጃም አላቸው። ሳሎናቸው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በላይ የጎሹ ቀንድ ተሰቅሏል። ረዥም፣ ሸንቀጥ ያለ፣ ወደ ላይ የተቃና፣ ጫፉ ጠቆር ግርጌው ነጣ ያለ ነው። እዚያ ቤት የገባ ሁሉ መጀመሪያ ቀንዱን ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ ይቀመጣል። እኔም ስንት ዓመት ቀና ብዬ አይቼዋለሁ። የባዮሎጂ መምህር ዓይን አንዳንድ ጊዜ ይጠራጠራል። ግን ወጥ ቀርቦ ሳለ ማን ስለ ቀንድ ይመራመራል?

ይህ ሁሉ ክብር በአንድ ቪዲዮ ነው የተናጋው። አንዷ የእትዬ ሙሉ ጓደኛ ፋርሙ ላይ የቀረጸችውን በማኅበራችን የስልክ ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። አንዲት ጥቁር ጎሽ ጭቃ ውስጥ ተጋድማለች። ሌላዋ አገጯን አጥር ላይ አስደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በብሩሽ ትታሻለች። ሦስተኛዋ የእትዬ ሙሉን ሻርፕ ትልሳለች፤ እትዬ ሙሉም «ተዪ አንቺ ባለጌ!» እያሉ ይስቃሉ።

ሰው አንድ ጊዜ አየና ቅቤ አዘዘ። ሁለተኛ ጊዜ አየና ማሰብ ጀመረ። ማሰብ መጥፎ ነገር ነው። ባላምባራስ የገደሉት ይህን ነው እንዴ ተባለ። አንዱማ ይህን እኮ እኔም እገድለው ነበር፣ ፊቱ ባያሳዝነኝ አለ። ሰይድ ደግሞ ቀልድ ከመጣለት አባቱንም አይምርም። ጋሼ አስፋው ሱቁ ገብተው በርበሬ ሲመርጡ፣ «ጋሼ፣ የአያትዎን ጠላት በጃር አድርጌ እየሸጥኩልዎ ነው። አንድ ልቋጥርልዎ?» አላቸው። ጋሼ በርበሬውን መልሰው አስቀምጠው ወጡ።

የባሰው የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ ነው። የእህቴ ቤት ቤዝመንት፣ ያው ምድር ቤቱ ውስጥ ነበርን። ጋሼ አስፋው እንደ ልማዳቸው ተነሱ። ዘራፍ አሉ። ከጊቤ ማዶ ጎሹ ሲያገሳ አሉ። ይህን ጊዜ ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ከመታለቡ በፊት ነው በኋላ?» ብሎ ጠየቀ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። በሠላሳ ዓመት ፉከራ የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። ጋሼ ከዘራቸውን እንደ ያዙ ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ቁጭ አሉ። ሁለተኛውን ስንኝ አላሉትም። ጎሹ እንዳገሳ ቀረ።

ከዚያን ቀን በኋላ ጋሼ አስፋው ጠፉ። ሠርግ ሲጠሩ አሞኛል፣ ክርስትና ሲጠሩ እንግዳ አለብኝ ይላሉ። ቤታቸው ነጭ ቅቤ እንዳይገባ አዘዙ። እትዬ ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ሁለተኛ ፍሪጅ ስላላቸው ትእዛዙን በደስታ ተቀበሉ። ጭንቁ ግን ሌላ ነበር። የአንድያ ልጃቸው የሕይወት ሠርግ ሰኔ ላይ ነው። አባት በገዛ ልጁ ሠርግ ሳይፎክር ሊቀመጥ? ፎክሮስ ሊሳቅበት? ልጅቷ ልታጽናናቸው ሞክራለች አሉ። «ዳድ፣ ኢት ኢዝ ጀስት ኤ ካው» አለቻቸው፤ ያው ላም ብቻ እኮ ናት ማለቷ ነው። እንዲህ ያለ ማጽናናት አለ? ሦስት ቀን አላናገሯትም።

በአራተኛው ቀን ለእኔ ኮል አደረጉ።

«መምህር፣ አንተ ባዮሎጂ አስተምረሃል። ያ ሌላ ነው፣ ይህ ሌላ ነው ብለህ ንገርልኝ!»

እውነታቸውን ነው፤ ሌላ ነው። የአገራችን ጎሽ የዱር ነው፤ አልምዶ ያለበው ሰው የለም። የእትዬ ሙሉ ጎሽ የውኃ ጎሽ የሚባለው ነው። ዘሩ ሙራ ይባላል። ሕንድ አገር ለወተት ብለው ያረቡት የቤት ከብት ነው። ሰውነቱ ሰፊ፣ ቀለሙ ከሰል፣ ቀንዱ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ። ሁለቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላምታ አይሰጣጡም። ይህን ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ለአንድ ጠረጴዛ ሰው፣ በቀስታና በቅደም ተከተል፣ አስረዳሁ። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ አንዷ፣ «ታዲያ ቅቤው የሚበዛው የትኛው ነው?» አለች።

ውጤቱን ለጋሼ ነገርኳቸው። «እንግዲያ ወደ ፋርሙ ውሰደኝ» አሉ። ፊት ለፊት ሊተያዩ ነው። ጎሽ ጎሽ ነው፣ የትም ቢወለድ አውሬነቱ ውስጡ አለ፣ እኔ አወጣዋለሁ፣ አንተ በስልክህ ትቀርጻለህ፣ ያ የቤዝመንት ሳቂ ሁሉ ያያል አሉ። ቀንዱን ከግድግዳው አወረዱት። በፎጣ ጠቀለሉት። የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጠው ቀበቶ አሰሩለት። የጆሮ መስሚያቸውን ግን እንደ ልማዳቸው ረሱት።

የፋርሙ ባለቤት ዶና የምትባል፣ ስልሳን ያለፈች፣ እስከ ጉልበቷ ቦት ጫማ ያደረገች ሴት ናት። ገና ከመኪና ሳንወርድ ቅቤ ፈልጋችሁ ከሆነ የለም አለችን። ምነው? ጎሾቹ ወተታቸውን ይዘው አንለቅም ብለዋል። ጋሼ አልሰሟትም፤ ከዘራቸውን ይዘው ወደ አጥሩ መራመድ ጀምረዋል። እኔ ቆሜ አዳመጥኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎሾቹን የሚያልበው ባሏ ነበር። ባሏ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የከብት ጨረታ አጫራች ነው። እዚህ ኦሃዮ ገጠር የአጫራች ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አይተነፍስም። ቁጥር በቁጥር ላይ እየደራረበ፣ ግማሽ ዘፈን ግማሽ ጩኸት እያደረገ፣ አንድ ጥጃ እስኪሸጥ ነፍስ ያስወጣል። ሰውየው ልማድ ሆኖበት ማለቢያ ማሽኑን ሲገጥምም እንዲሁ እየጮኸ ጎሾቹን ያጫርታቸው ነበር። ጎሾቹም ያንን ሲሰሙ ወተት መልቀቅ ለመዱ። ሙራ እንዲህ ናት አለችኝ ዶና፤ የለመደችው ነገር ከጎደለባት ታኮርፋለች፣ ካኮረፈች ደግሞ ወተቷን ትይዛለች። ባሏ አሁን ጉሮሮውን ኦፕራሲዮን ሆኖ ድምፁ ጠፍቷል። ሬዲዮ ከፍተንላቸው ነበር፣ አልሆነም አለች። እንዲህ ከቀጠለ ይደርቃሉ፤ ከደረቁ እንሸጣቸዋለን። ይህን ስትል ባሏ በረቱ በር ላይ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ቆሟል። እጁን አነሳልኝ። እኔም አነሳሁለት።

ጋሼ አጥሩ ዘንድ ደርሰዋል። ጎሾቹ አሥራ አራት ናቸው። ራቅ ብለው፣ እሳቸውን ከሣሩ ሳይለዩ ያመሰኳሉ። ከፊት ያለችው ምላሷን አውጥታ አፍንጫዋን ላሰች። ጋሼ ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት መሰለኝ። ወደ እኔ ዞረው «ቅረጽ!» አሉኝ። ቀረጽኩ።

«ዘራፍ!»

አሥራ አራት ራስ በአንድ ጊዜ ቀና አለ።

«ከጊቤ ማዶ ጎሹ ሲያገሳ፣ አያቴ ሄደው...»

አልጨረሱትም። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አሥራ አራቱም ወደ እሳቸው ይሮጡ ጀመር። እኔ ባዮሎጂ ተምሬአለሁ። ሙራ ገር እንስሳ መሆኗን በምዕራፍና በገጽ አውቃለሁ። ግን እውቀት ጭንቅላት ላይ ነው፣ እግር የራሱ ሐሳብ አለው። «ጋሼ፣ ያምልጡ!» እያልኩ እኔ አመለጥኩ። ራሴን ያገኘሁት ከትራክተር ኋላ ነው።

ቀና ብዬ ሳይ ጋሼ አስፋው ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ጎሾቹም አልወጓቸውም። በአጠገባቸው አልፈው፣ በራሳቸው ፈቃድ፣ አንድ በአንድ ወደ ማለቢያው እየገቡ ይሰለፋሉ። ከጡታቸው ወተት ይንጠባጠባል። ዶና እየጮኸች ወደ ማሽኖቿ ሮጠች። እንዳያቆሙ ንገራቸው፣ በፈጣሪ ስም እንዳያቆሙ ትለኛለች። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ በሁለት እጁ ጭኑን እየመታ ምቱን ይጠብቃል፤ ዓይኑ እርጥብ ነው።

«አየህ መምህር፣ እጅ ሰጡ!» አሉኝ ጋሼ በመሀል።

አላቆሙም። ማቆም የት ያውቁና! የአያታቸውን ጎሽ ጨረሱ፣ አጎቶቻቸውን አዘመቱ፣ ኖሮ የማያውቅ ቅድመ አያት ፈጥረው እሱንም ጫካ ሰደዱት። ወገናቸው እንዲህ በስንኝ ሲያልቅ ጎሾቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ያመሰኩ ነበር። አንድም ጡት አልቀረም፣ ሁሉም ታለበ።

ሲያበቃ ዶና እጃቸውን ይዛ ትወዘውዛቸው ጀመር። ጋሼ ይህን የምርኮ ሥርዓት አድርገው ነው የተቀበሉት። ከዚያ ወደ መኪናው ሄደው ፎጣውን ፈቱ። የአያቴ ግዳይ መሆኑን ንገራት አሉኝ። ነገርኳት። ዶና ቀንዱን ገለበጠችው፣ ግርጌውን አየችው፣ ለባሏ ሰጠችው። ሰውየው ስንት ሺህ ከብት ባየ ዓይኑ አንዴ አየው። ፈገግ አለ። በጆሮዋ ሹክ አላት።

«የበሬ ቀንድ ነው ይላል» አለች ዶና። «እንዲህ ያለ ጥሩ በሬ በዕድሜዬ አላየሁም ይላል።»

«ምን አለች?» አሉኝ ጋሼ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

«እንዲህ ያለ በዕድሜያችን አላየንም አሉ» አልኳቸው። ውሸት አይደለም። ከትርጉሙ ላይ አንድ በሬ ብቻ ነው የቀነስኩት።

ሃይዌይ ላይ ወጣን። ጋሼ ቀንዱን ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

«መምህር።»

«አቤት ጋሼ።»

«የበሬ ነው አለች አይደል?»

መሪውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ጆሮዬ ባይሰማ ዓይኔ ከንፈር ያነባል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው በመኪና መስታወት ውስጥ ሆኖ ሲሰድበኝ ያነበብኩ ሰው ነኝ» አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። በሬው ዳለቻ ይባል ነበር። የባላምባራስ ተክሌ የእርሻ በሬ ነው። አንድ ቀን ጊቤ ዳር ሲያርሱ ጎሽ ከጫካው ወጣ። አያታቸው ሞፈሩን ጥለው ዋርካ ላይ ወጡ። በሬው ዛፍ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ቆመ። ተዋጋ። ሞተ። ጎሹ ወደ ጫካው ተመለሰ። አያታቸው አመሻሽ ላይ ከዋርካው ወረዱና የዳለቻን ቀንድ ተሸክመው መንደር ገቡ። ሰው ይህ ምንድን ነው ሲል፣ ድንጋጤ ላይ ስለነበሩ፣ «ጎሽ!» ብቻ አሉ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ ባላምባራስ ተባሉ።»

ትንሽ ሄድን። ቀንዱን በመዳፋቸው አሹት።

«ልጄ ሠርግ ላይ ምን ብዬ ልነሳ?» አሉ ቀስ ብለው። ያን ዕለት ሲጮኹ ከዋሉት ሁሉ በልጦ የተሰማኝ ይህ ነው።

መልሱ ስልኬ ውስጥ ነበር፤ እኔ ግን አላወቅሁም። ማታ ቤቴ ገብቼ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ጋሼ አስፋው አጥር ላይ ቆመው ዘራፍ ይላሉ። አሥራ አራት ጥቁር አውሬ መሬት እያንቀጠቀጠ ይመጣባቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚታየው ሣር ብቻ ነው፤ እኔ እየሮጥኩ ነዋ! ሣር፣ ሰማይ፣ ጫማዬ፣ እንደገና ሣር። ከኋላ ግን የጋሼ ድምፅ ይሰማል፤ አልተቋረጠም፣ አልተንቀጠቀጠም። መጨረሻው ላይ የእኔ ድምፅ «ወይኔ እናቴ» ይላል።

ሳልቆርጥ ሳልቀጥል ለቀቅሁት። ማብራሪያ ልጽፍበት አስቤ ነበር። ግን ማብራሪያዬን ማን አንብቦ ያውቃል?

በማግስቱ ሰይድ ሱቁን ዘግቶ ቤታቸው ድረስ ሄደ። ጋሼ፣ አላወቅሁም፣ ይማሩኝ አለ። ያ የቤዝመንቱ ጠያቂም ራሱን ገለጠና ይቅርታ ጠየቀ። ዶናም ደወለች፤ ቅቤ ልስጣቸው፣ እሳቸው ይምጡልኝ አለች። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ይሄዳሉ። ሰው የት ዋሉ ሲላቸው «ከአሥራ አራት ጎሽ ጋር ስጋጠም» ይላሉ። ውሸት የለበትም።

አንድ ቀን ብቻ አመነቱ። እኔ ነበርኩ ያደረስኳቸው። መንገድ ላይ፣ እነዚህ እንስሳት እጄን እየላሱ እኔ ወገናቸውን ስገድል መዋሌ ነውር ነው፣ ዛሬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አሉ። ደስ አለኝ። እውነት ያለበት ቦታ መገኘት ደስ ይለኛል። በረቱ ገብተው ከዘራቸውን ግድግዳ ላይ አስደገፉ። ኮፍያቸውን አወለቁ። በለሰለሰ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

«ከጊቤ ማዶ ጎሹ ሲያገሳ፣
አያቴ ዛፍ ላይ፣ በሬው ሬሳ።»

ጎሾቹ አዩዋቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ጠብታ ወተት አልወጣም። ጋሼ ቀጠሉ፤ የዳለቻን ደግነት፣ የዋርካውን ቁመት፣ ሁሉንም እንደነበረ በትሕትና ተናገሩ። አንዷ ጎሽ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ሌላዋ ማሽኑን በእግሯ መታችው። ዶና እየሮጠች መጣች። ምን እያሏቸው ነው ብላ ተቆጣችኝ፤ የድሮውን፣ ጮክ አድርገው የድሮውን!

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ?» አሉ።

ኮፍያቸውን አጠለቁ፣ ከዘራቸውን አነሱ፣ ዘራፍ አሉ። ወተቱ እንደ ዝናብ ወረደ።

ሰኔ ላይ የሕይወት ሠርግ ሆነ። ጋሼ አስፋው ተነሱ። ከአያቴ አንድ፣ ከእኔ አሥራ አራት ብለው ጀመሩ፤ ሙሽራዋ ሳትቀር በእንግሊዝኛም በአማርኛም አለቀሰች። የሳቀ አልነበረም። እኔ ከእትዬ ሙሉ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። የሙሽሮቹን ክትፎ በነጩ ቅቤ ይለውሳሉ። ጋሼ «አረጉት ሬሳ» የሚለው ላይ ሲደርሱ፣ እትዬ ሙሉ ዓይናቸውን ከሣህኑ ሳያነሱ፣ በቀስታ፣ «ዳለቻ፣ ነፍሱን ይማረው» አሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉናል። ይጠራ ይሆናል፤ ወተት ግን የለውም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እውነትን በቀስታና በቅደም ተከተል ሳስረዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለዚህ ይመስለኛል፣ ለጋሼ አስፋው ቅቤው በነፃ መኪናቸው ላይ ሲጫንላቸው፣ እኔ እስከ ዛሬ ከሰይድ ሱቅ የምገዛው።